ካሜራው ችሎት ሳይደርስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ጣሊያኖች በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻውን እንደወጣ መንገዱ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ከብርዱ ደጋ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ከመዲናዪቱ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሸዋ ሮቢት ለመንገደኛው የማሾና የሽንኩርት አገር፣ ካፖርት የሚወልቅበት ከተማ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ለተፈረደበት ሰውና ስንቅ ይዞ ለሚመላለሰው ቤተሰቡ ግን ሸዋ ሮቢት ማለት ማረሚያ ቤቱ ነው። ከቃሊቲ፣ ከቂሊንጦ፣ ከዝዋይና ከድሬዳዋ ጋር ከፌዴራል ማረሚያ ቤቶች አንዱ እዚያ ይገኛል። ማታ ማታ በቴሌቪዥን የምናየው የወንጀል ታሪክ ግን እዚህ ድረስ የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው። ታሪኩ ፖሊስ ጣቢያ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ክስ፣ ምስክር፣ መከላከያ፣ ፍርድ፣ ይግባኝ፣ የእስር ዓመታትና ከእስር በኋላ ያለው ኑሮ ሁሉ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ይህ አቆራረጥ በፍትሕ ላይ ያለንን አስተሳሰብ የሚያጣምም ከባድ ጉድለት ነው፤ ሸዋ ሮቢት ራሱ ለዚህ ምስክር ይሆናል።

የአገራችን የወንጀል ዝግጅት አሠራር ለተመልካች እንግዳ አይደለም። ፖሊስ ራሱ የሚያዘጋጀው ወይም ከጣቢያ ጋር ተባብሮ የሚያቀርበው ፕሮግራም በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ለብዙ ዓመታት ሲተላለፍ ኖሯል፤ «ፖሊስና እርምጃው» የሚለውን ስም ጋዜጣውን አንብቦ የማያውቅ ሰው እንኳ ሰምቶታል። አስፈሪ ሙዚቃ ይቀድማል፤ ተራኪው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቀበሌውን ይናገራል፤ የሟች ወይም የተበዳይ ዘመድ እያለቀሰ ይቀርባል፤ መርማሪው ክትትሉ እንዴት እንደተካሄደ ያስረዳል። በመጨረሻ የተያዘው ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ አንዳንዴም ፊቱ ሳይሸፈን፣ «አዎ፣ አድርጌያለሁ» ይላል። አዘጋጁ ኅብረተሰቡ ራሱን እንዲጠብቅ ይመክርና ፕሮግራሙ ይዘጋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የእምነት ቃሉ ነው። ከፊቱ ያለው ነገር በሙሉ ወደ እሱ ይነዳል፤ ከእሱ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ያለ አይመስልም። ጠበቃ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ያልተመለሰ ጥያቄ የለም። ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን ሲያጠፋ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስለዋል፤ በሕግ ዓይን ሲታይ ግን ገና ሊጀመር ነው።

ሕጉ የእምነት ቃልን የሚያየው በብዙ ጥርጣሬ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን ቃል እንዲሰጥ ማስገደድን ይከለክላል፤ በግዳጅ የተገኘውንም ማስረጃ ዋጋ ያሳጣዋል። አንቀጽ 20 ደግሞ ክስ ላይ ያለ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ያዛል። ከእነዚህ በፊት የወጣውና ፍርድ ቤቶቻችን ለ60 ዓመታት ያህል የሠሩበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በዚህ ላይ ዝምተኛ አይደለም። አንቀጽ 27 ፖሊስ የሚጠይቀው ሰው የመመለስ ግዴታ እንደሌለበት እንዲነገረው ያደርጋል። አንቀጽ 31 በማስፈራራትም ሆነ ተስፋ በመስጠት ቃል መቀበልን ይከለክላል። አንቀጽ 35 ቃሉ በፈቃድ መሰጠቱን ፍርድ ቤት አጣርቶ የሚመዘግብበትን መንገድ ያስቀምጣል። ከሁሉ የሚገርመው አንቀጽ 134 ነው፤ ተከሳሹ ችሎት ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ» ቢል እንኳ ዳኛው ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን እንዲያሰማ ሊያዝ ይችላል። ሕግ አውጪው ይህን ሁሉ አጥር የሠራው ወንጀለኛን ስለሚወድ አይደለም። ሰው ያላደረገውን አደረግሁ ሊል እንደሚችል በዓለም ዙሪያ በፍርድ ቤቶች ታሪክ ደጋግሞ ስለታየ ነው።

በሸዋ ሮቢት የታየውም ይህ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሣ፤ መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር 23 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ብዙ እስረኞች ወደ ሸዋ ሮቢት ተወሰዱ። በቀጣዩ ዓመት 38 ሰዎች እሳቱን በማስነሣትና በሞቱት ሰዎች ደም ሲከሰሱ፣ ተከሳሾቹ አንድ በአንድ ችሎት ፊት እየቆሙ በሸዋ ሮቢት ተደብድበው፣ ተሰቅለው፣ ያልሠሩትን እንዲያምኑ መደረጋቸውን ተናገሩ። ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እንዲያጣራ አዘዘ። በ2010 በአገሪቱ በመጣው ለውጥ የብዙዎቹ ክስ ተቋረጠ። እንግዲህ ይህ ታሪክ በተለመደው የወንጀል ፕሮግራም አሠራር ቢቀርብ ኖሮ ምን ይመስል ነበር? እሳቱ ይታያል፣ የሟቾች ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣው የእምነት ቃል ይነበባል፣ ፕሮግራሙም ያልቃል። ውሸት የሚባል ዓረፍተ ነገር አንድም ሳይኖርበት ተመልካቹን ወደ ፍጹም ስሕተት ይወስደው ነበር። ቃሉ እንዴት እንደተገኘ የታወቀው ሰዎቹ ዳኛ ፊት ቆመው ልብሳቸውን ገልጠው ጠባሳቸውን ለማሳየት ዕድል ስላገኙ ብቻ ነው። ያንን ዕድል የሚሰጠው ቦታ ችሎት ነው፤ ካሜራው ደግሞ ችሎት ሳይደርስ ይመለሳል።

«በካሜራ ፊት በገዛ አንደበቱ የተናገረ ሰው ማን አስገደደው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዓይን ያየውን አለማመን ይከብዳል። ነገር ግን ካሜራ የሚያሳየው የበራበትን ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለፉትን ሌሊቶች አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኒው ዮርክ ውስጥ በሴንትራል ፓርክ ስትሮጥ የነበረች ሴት ተደብድባና ተደፍራ ስትገኝ፣ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 የሆነ 5 ልጆች ተይዘው ለብዙ ሰዓታት ተመረመሩ፤ የአራቱ የእምነት ቃልም በቪዲዮ ተቀረጸ። ያን ቪዲዮ ያየ ብዙ ሰው አልተጠራጠረም። 13 ዓመት ቆይቶ በሌላ ወንጀል የታሰረ ሰው ድርጊቱን ብቻዬን ፈጸምሁ አለ፤ የዲኤንኤ ምርመራውም እሱነቱን አረጋገጠ። የልጆቹ ፍርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ተሰረዘ፣ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ2014 41 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማች። ይህ ብቸኛ አጋጣሚ እንዳይመስል፤ አሜሪካ ውስጥ ያለ ጥፋታቸው ለታሰሩ ሰዎች የሚሟገተው ኢኖሰንስ ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2020 በዲኤንኤ ነፃ ከወጡ 375 ሰዎች መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት ሐሰተኛ የእምነት ቃል የነበረባቸው መሆኑን መዝግቧል። ይህ የሆነው ላቦራቶሪ በሞላበት አገር ነው። በእኛ አገር በገጠር የተገደለ ሰው አስከሬን ለምርመራ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ሲጓጓዝ ለብዙ ዓመታት ኖሯል፤ መንገድ ላይ የሚባክነው ቀን ማስረጃ ይዞ ይሄዳል። የላቦራቶሪ ማስረጃ በሳሳበት ቦታ መርማሪ የሚደገፈው በሰው ቃል ላይ ነው። ስለዚህ የእምነት ቃልን አጥብቆ መፈተን ከአሜሪካ ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል።

የፍርድ ነገርን ተሰብስቦ መመልከት ለእኛ ቴሌቪዥን ያመጣው ልማድ አይደለም። አባቶቻችን በዛፍ ሥር የቆመ ችሎት ሲያገኙ መንገዳቸውን አቋርጠው ይሰሙ ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን እየሰበቁ፣ በግጥም እየተጠያየቁ ይከራከሩ ነበር፤ ማርና ፈረስ እስከ መወራረድ ይደርሱ ነበር። በዙፋን ችሎት ደግሞ አስተያየት የሚሰጡት ሰዎች ከታናሹ ጀምረው ወደ ታላቁ ይሄዳሉ፤ ታናሹ የታላቁን ቃል ሰምቶ እንዳይፈራ ነው። ተመልካቹ ጨዋታም ትምህርትም የሚያገኘው ከክርክሩ ነው። ክርክሩን የሚያጣፍጠው ደግሞ ሁለት አንደበት መኖሩ ነው፤ አንደኛው ተናግሮ ሲያሳምን ሌላው ተነሥቶ ያፈርሰዋል፤ ሰሚው በመሐል ሚዛኑን ይይዛል። በዚያው ዘመን ሌላም መንገድ ነበር። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ እንዳይወጣ ይታገዳል፤ ወፍ የሚባለው ምስጢረኛ የሰማውን በሽማግሌ በኩል ያደርሳል። ከዚህ የከፋው ሌባ ሻይ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ጠያቂም ተከራካሪም የለም። ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው የወንጀል ፕሮግራም ከበላ ልበልሃ ይልቅ ለሌባ ሻይ ይቀርባል። ካሜራው የቆመበት ሰው ጥፋተኛ ነው። የሙግት ባህላችንን ትተን የጥቆማ ባህላችንን ወደ ስክሪን ማምጣታችን ያሳዝናል፤ ሁለቱም የእኛው ሲሆኑ የተሻለው ቀርቶ የባሰው ተወረሰ።

በአገራችን የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ትልቁ የክስ ዘጋቢ ፊልም የቀረበው መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ነው። የቴሌቪዥን ሥርጭት ከተጀመረ ገና 10 ዓመቱ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ተቀላቅሎበት ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር። በጣርማ በር የሚያልፈው የደሴ መንገድ ወደ ወሎ የሚወስደው መንገድ ነውና ጉዳዩን ለሸዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ሆኖም የፊልሙ እውነተኛነት ቀጥሎ ለመጣው ነገር ዋስ አልሆነም። ንጉሡ አንድም ቀን ችሎት ፊት አልቀረቡም፤ ኅዳር 14 ቀን ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሕዝብ ጥፋቱን በዓይኑ አይቶ የጨረሰ ስለመሰለው የፍርድ ቤት አለመኖር አላስደነገጠውም። ይህ አካሄድ ከዚያ ወዲህም ተደጋግሟል። በኅዳር 2004 «አኬልዳማ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም በሽብር የተከሰሱ ፖለቲከኞችና ጋዜጠኞች ጉዳያቸው በፍርድ ቤት ተይዞ ሳለ በኢቲቪ ተላለፈ። ጥር 28 ቀን 2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሙስሊሞችን ጥያቄ ይዘው በተነሡት የኮሚቴ አባላት ላይ የቀረበው ፍርድ ቤት ያወጣው እግድ ባለበት ነበር። ተከሳሾቹ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈርዶባቸው ቆይቶ ተፈቱ። በታኅሣሥ 2011 ደግሞ «የፍትሕ ሰቆቃ» ቀረበ፤ በማሰቃያ ቦታዎች የተጎዱ ሰዎች ሰውነታቸውን እያሳዩ ሲናገሩ አገሩ ሁሉ አለቀሰ። የተጎጂዎቹ ቃል ሊሰማ ይገባው ነበር፤ ለዓመታት ታፍኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ አሠራሩ ያው ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ተቀየረ እንጂ ክስ ሳይሰማ የሚፈርደው ካሜራ አልተቀየረም። ስለዚህ ጉዳዩን የዚህ ወይም የዚያ መንግሥት ጥፋት ብቻ አድርጎ ማየት አያዋጣም፤ ለሥልጣን የሚመች የአቀራረብ ዘዴ ከመንግሥት መንግሥት ሲተላለፍ የኖረ ነው።

የፖሊስ ፕሮግራም ጥቅም የለውም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሿሿ የሚባለው ስርቆት እንዴት እንደሚሠራ፣ የሐሰት ደላላ ቤት እንዴት እንደሚያከራይ፣ ወደ ዓረብ አገር እንልካለን የሚሉ ሰዎች ልጃገረዶችን እንዴት እንደሚያታልሉ ብዙ ሰው የተማረው ከእነዚህ ዝግጅቶች ነው። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ለሚገባ ወጣት ይህ ትምህርት ገንዘቡንም ሕይወቱንም ሊያተርፍለት ይችላል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ቢኖር ትምህርቱ የሚገኘው ከወንጀሉ አሠራር እንጂ ከተጠርጣሪው ፊትና ስም አለመሆኑ ነው። ሿሿ ሠራ የተባለው ልጅ ፊቱ ቢሸፈንም፣ ስሙ ባይጠራም፣ የዘዴው ማብራሪያ ቅንጣት አይጎድልበትም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ «ስለ ተጠርጣሪው መብት ስታወሩ የሟች እናት የት አለች?» የሚለው። ይህ ጥያቄ ከልብ የሚወጣ ነው፣ መልስም ይገባዋል። የሟች እናት የሚያስፈልጋት የልጇ ገዳይ መገኘቱ ነው። የተሳሳተ ሰው ታስሮ ከሆነ እውነተኛው ገዳይ በሰፈሯ እየተዘዋወረ ነው፤ ፖሊስም ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ መፈለጉን ትቷል። ኒው ዮርክ ላይ 5ቱ ልጆች በተያዙበት ጊዜ ትክክለኛው ጥፋተኛ በነፃነት ቆይቶ ሌሎች ሴቶችን ደፍሯል፣ አንዲት ነፍሰ ጡርም ገድሏል። ማስረጃን መፈተን ለተበዳይ የሚደረግ ሥራ ነው፤ ተበዳይን በተጠርጣሪ ላይ ማስነሣት ግን ለተመልካች ብዛት የሚደረግ ሥራ ነው።

ልብ ወለድ ድራማም ብዙ ጊዜ ይወቀሳል፤ ወንጀል ያስተምራል ይባላል። አስተያየቴ ከዚህ የተለየ ነው። ድራማ እውነት ነኝ ብሎ ስለማይቀርብ ተመልካቹን በሰው ላይ አያስፈርድም፤ ከዚያም በላይ ዘጋቢው ፕሮግራም የማያሳየውን ጥርጣሬ ያሳያል። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ ሲተላለፍ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ አገሩን ሁሉ ያነጋገረው ሀብትና ተንኮል ሕግን እንዴት እንደሚያመልጡ ተመልካቹ ከውስጥ ሆኖ ስላየ ነው። ሰው የሚያውቀው ነገርና በማስረጃ የሚረጋገጥ ነገር ልዩነት እንዳላቸው ያ ድራማ ከብዙ የፖሊስ ፕሮግራም በተሻለ አስረድቷል። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1974 ያሳተሙትን ልብ ወለድ «ወንጀለኛው ዳኛ» ብለው ሲሰይሙ ወንጀል ከፍርድ ወንበር ላይም ሊገኝ እንደሚችል ለአንባቢ አሳስበዋል። በሌላ በኩል ከእውነተኛ ታሪክ የተነሣው «ድፍረት» ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያስተምራል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ይህ ፊልም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን በጥይት የገደለች የአርሲ ልጅን ጉዳይና የኢትዮጵያ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያደረገላትን ጥብቅና ይተርካል፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾመው ነበር። በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክስ አይቀርብበትም ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘጋ። ፊልሙ «ገዳይ» የተባለችን ልጅ ታሪክ ከእምነት ቃሏ አልፎ እስከ ፍርዱ ስለተከተለ ለምን እንደገደለች አሳወቀን። ገድያለሁ ብላ እንኳ ጥፋተኛ እንዳልነበረች የሚታወቀው እዚያ ድረስ ሲኬድ ነው። ነገር ግን ነሐሴ 28 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ባለታሪኳ ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ ከሳ ነበር። በሱንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ሥራ የታሪኩን ባለቤት ሳያማክር እንደቀረ የሚገልጽ ክስ ሊታለፍ አይገባም፤ ስሟን እዚህ የማልጠቅሰውም ለዚህ ነው።

«ፍርድ ቤቶቻችን ቀርፋፎች ናቸው፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደረባል፤ ቴሌቪዥኑ ቢያንስ ቶሎ ይናገራል» የሚለውን ሐሳብ ብዙ ሰው ይጋራዋል። የችሎቱ መዘግየት እውነት ነው። ነገር ግን ቶሎ መናገር ምን እንደሚያመጣ በመጋቢት 2017 በኢቢኤስ ቴሌቪዥን አይተናል። አንዲት ሴት ደረሰብኝ ያለችውን ጠለፋና ጥቃት «አዲስ ምዕራፍ» በተባለው ፕሮግራም ተናገረች፤ ሕዝብ ደነገጠ፣ ተቆጣ። ብዙም ሳይቆይ ጣቢያው ታሪኩ ትክክል ሆኖ አላገኘሁትም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፕሮግራሙ ታገደ፣ የጣቢያው ባልደረቦችም ታሰሩ። በመጀመሪያው ቀን ያመነውም በሁለተኛው ቀን የካደውም ሕዝብ ያየው ማስረጃ አልነበረም፤ የሰማው አንድ ጊዜ አንድ ቃል፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ቃል ነው። ጉዳዩ ስለ ጥቃት ለሚናገሩ ሌሎች ሴቶች የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፤ ነገ እውነቷን ይዛ የምትመጣዋ «አንቺስ?» ትባላለች። ጋዜጠኞቹን ማሰር ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። የሚያስፈልገው ከስርጭት በፊት ሆስፒታል የሚጠይቅ፣ ትምህርት ቤት የሚደውል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው የሚፈልግ አዘጋጅ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሜሪካዊው ኤሮል ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1988 አሳይቷል። በቴክሳስ ፖሊስ ገድሏል ተብሎ ሞት የተፈረደበትን የራንዳል አዳምስን ጉዳይ ይዞ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ደግሞ ጠየቃቸው፤ ቃላቸው በካሜራ ፊት እየተሰነጠቀ ሄደ፤ አዳምስ ከ12 ዓመት እስር በኋላ በዓመቱ ተፈታ። ያ ዘጋቢ ፊልም ከፍርድ በኋላ የመጣ እንጂ ፍርድን የቀደመ አልነበረም። ኃይሉም ከዚያ የመጣ ነው፤ የተዘጋ መዝገብ ከፍቶ ሁለተኛውን አንደበት አሰማ።

የይፋት ሰው የወንጀል ታሪክ በእስር እንደማያልቅ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያና በግጦሽ በሚገናኙበት በዚያ ቆላ ገዳይ ተፈርዶበት ቢታሰርም በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ደም ገና አልደረቀም። ሽማግሌና የሃይማኖት አባት ገብቶ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ እርቅ እስኪወርድ ድረስ የገዳይ ወንድም የሟችን ሰፈር አይረግጥም፤ እርቁ ካልወረደ ደም መላሽ ይነሣል። በዚህ አገር ላይ የተጠርጣሪን ስምና የትውልድ ቀበሌ ፍርድ ሳይሰጥ በቴሌቪዥን ማወጅ አንድን ሰው ብቻ አይነካም፤ ምንም ያላደረገ ወንድሙን ለጥይት ያጋልጣል። ሰውየው ከ2 ዓመት በኋላ ነፃ ቢወጣ ነፃ መውጣቱን የሚናገር ፕሮግራም የለም። ስለዚህ ጣቢያዎቻችን ሊወስኑት የሚችሉት፣ አዲስ ሕግም ገንዘብም የማይጠይቅ ነገር አለ። ተጠርጣሪን ከክስ በፊት በፊቱና በስሙ አለማቅረብ፤ የእምነት ቃሉን ችሎት ሳይመረምረው አለማሰራጨት፤ አንድን መዝገብ ከጀመሩ እስከ ፍርዱ መከተል፤ ተከሳሹ ነፃ ከተባለም ወንጀሉ በተነገረበት ሰዓትና በዚያው ርዝመት ነፃነቱን መናገር። ችሎት በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ካሜራ ባይፈቀድ እንኳ ደብተርና እርሳስ የያዘ ጋዜጠኛ አይከለከልም። ደብረ ብርሃን በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የግድያ መዝገብ ሲሰማ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ መስቀለኛ ጥያቄውን ጽፎ የሚይዝ፣ ፍርዱ ሲሰጥ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የሁለቱንም ወገን ሽማግሌዎች የሚያነጋግር አንድ የፕሮግራም አዘጋጅ ቢኖር፣ የሚያመጣው ታሪክ ከፖሊስ ጣቢያ ግቢ ከሚመጣው በብዙ የረዘመና የሚስብ ይሆናል፤ ተመልካችም አይጠፋለትም፣ ሙግት መስማት የሚወድ ሕዝብ ነውና።